የጀልባ መሸፈኛ ሸራ ስትገዙ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ልጅ ሆኜ ጣና ዳር ስንሄድ የደንገል ታንኳዎች ከውሃ ወጥተው፣ ዛፍ ወይም ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሲደርቁ አይ ነበር። ለምን እንደሚያቆሟቸው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ያኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ዓመት በኋላ ሚኒሶታ ውስጥ ከደረሰብኝ ነገር ግማሹ ባልደረሰብኝ ነበር።

ይሄን የምጽፈው ጀልባ ለገዛችሁ ወይም ለመግዛት እያሰባችሁ ላላችሁ ነው። እዚህ ሚኒሶታ የመኪናችን ታርጋ ራሱ «10,000 ሐይቆች» ይላል። የኛም ሰው ቀስ በቀስ ዓሣ ማጥመድ እየለመደ ነው። ጀልባ ሲገዛ ግን ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ምን ትለብሳለች ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ነገሩ የገባኝ ሦስት ሸራ ካበላሸሁ፣ አንድ የፊት መስታወት ከተሰበረብኝና ወንበሮቼ ከሻገቱ በኋላ ነው።

በፈረንጆቹ 2017 በጋ ላይ እኔና ጓደኛዬ ተዋጥተን ያገለገለች ጀልባ ገዛን። 17 ጫማ የምትረዝም የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። ከኋላ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት፣ ከፊት መስታወት፣ ወለሏ ምንጣፍ ለብሷል። ሻጩ ከእሷ ጋር አንድ የተቀደደ ሸራ ሰጠን። «አርጅቷል፣ ብትጥሉት ይሻላል» አለን። ጣልነው። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ጋ ነው። በልኳ የተሰፋ አሮጌ ሸራ ካገኛችሁ፣ ምንም ያህል ቢቀደድ አትጣሉት። ለሸራ ሰፊ ከዚያ የተሻለ ልክ የለም። ቦታ ቦታው ላይ የተበላበትን አይታችሁም ጀልባዋ የትኛው ጥጓ ሸራ እንደሚበላ ታውቃላችሁ። እኛ ያንን ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትነው።

በጋው ደስ ብሎን አለፈ። ጥቅምት ሲገባ ብርዱ መጣ። ኪሳችን ደግሞ ባዶ ነበር፤ ያለንን ጀልባዋ ላይ ጨርሰናል። ስለዚህ ከዕቃ መደብር በ40 ዶላር ሰማያዊ ላስቲክ ገዛን። ያ ሰው ሁሉ የማገዶ እንጨት የሚሸፍንበት ላስቲክ ማለቴ ነው። ጀልባዋ ላይ ጣል አድርገን፣ በገመድ ዙሪያዋን ወጥረን አሰርናት። ውጥር ብሎ ሳየው ጥሩ የሠራን መሰለኝ።

መሃሉ ላይ ምንም ድጋፍ አላቆምንም። የከበሮ ቆዳ የሚመስል ነገር ተወጥሮ ቢያምርም፣ አንድ ዝናብ ሲመጣ ትንሽ ይረግባል። የረገበው ቦታ ውሃ ይይዛል። ውሃው ሲከብድ ይበልጥ ይረግባል፣ ይበልጥ ሲረግብ ይበልጥ ይይዛል። ቁጥሩን አንዴ አስሉት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ኩሬ 200 ሊትር ነው። 200 ሊትር ውሃ ደግሞ 200 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ጀልባችሁ ላይ ጭናችሁ ክረምቱን ሙሉ ተዋችሁ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ በዋናዎቹ የብርድ ወራት ብዙም አልተጎዳችም። ጃንዋሪ ላይ የሚወርደው በረዶ ደረቅ ነው፣ እንደ ዱቄት ይበናል። ጉድ የሠራን የፀደዩ ነው። በ2018 ኤፕሪል አጋማሽ ላይ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ክረምቱ አለቀ ስንል ከአንድ ጫማ በላይ ወረደብን። እርጥብ፣ ከባድ በረዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጥቼ ሳያት ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። የጠርዙ ቀለበቶች ተነቅለው ገመዱ ላይ ብቻቸውን ተንጠልጥለዋል። የፊት መስታወቱ ከግራ ጥጉ ጀምሮ እስከ መሃል ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ የላስቲክ ክር ገብቶ ነበር። በጣቴ ስስበው እጄ ላይ ፍርክስክስ አለ። ላስቲኩን ፀሐይና ነፋስ በአንድ ክረምት ጨርሰውታል።

ወለሉ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ኋላዋ ላይ ያለውን የማፋሰሻ ቡሽ አልነቀልነውም ነበር። የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ሆዷ ውስጥ በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። እግዜር ይመስገን፣ አሉሚኒየሙ አልተሰነጠቀም።

እንግዲህ አደራ የምላችሁ ይሄን ነው። ጀልባ ለክረምት መሬት ላይ ስትቆም ቡሿ ይነቀል። የተጫነችበትን ትሬለር የፊት እግር ከፍ አድርጋችሁ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጓት፤ ውሃ በሆነ መንገድ ቢገባ እንኳ ወደ ኋላ ሄዶ ይወጣል። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዱት፣ ውስጡ ያለው ውሃ እንዲንጠፈጠፍ። ባትሪውን አውጥታችሁ ቤት አስገቡ። ሸራ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን እነዚህን አይተካም። በነገራችን ላይ በሚኒሶታ ሕግ ጀልባ በመንገድ ስትጎተትም ቡሿ መነቀል አለበት። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ ወራሪ ቀንድ አውጣና አረም እንዳይጓዝ ነው። ግን ልማዱ ለሁለቱም ይጠቅማል።

መስታወቱን ለማስቀየር 620 ዶላር ከፈልን። በ40 ዶላር የተገላገልን መስሎን።

በዚያው በጋ «አሁንስ ደህና ሸራ እንግዛ» አልን። በኢንተርኔት ፈልጌ 130 ዶላር የሚሸጥ አገኘሁ። «ከ17 እስከ 19 ጫማ ለሚደርስ ጀልባ» ይላል። የእኛ 17 ናት፣ በቃ ልክ ነው አልኩ። ሜትር እንኳ አላወጣሁም፤ ወረቀቷ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ አዘዝኩ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የጀልባዋ አካል ብቻ ነው። አፍንጫዋ ላይ የተገጠመችውን ትንሿን የኤሌክትሪክ ሞተር አይጨምርም። ከኋላ ያለውን ትልቁን ሞተርም አይጨምርም። የመስታወቱን ከፍታም አይነግራችሁም። ሸራው መጣ፣ አለበስናት። ከኋላ ሲደርስ ከፊት ያጥራል፣ ከፊት ሲደርስ ጎኗ ላይ ይሰበሰባል። እኔና ጓደኛዬ ከሁለት ወገን ይዘን ጎተትነው። በመጨረሻ ገባ። ስፌቱ ግን ተወጥሮ መርፌ የገባባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ይታዩ ነበር። ከላይ ብርሃን ይገባባቸዋል። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ውሃም ያስገባል።

በዚያ ሁኔታ ሚል ላክስ ሐይቅ ልንሄድ ተነሳን። ከእኛ ወደ ሰሜን 100 ማይል ገደማ ነው፣ በ169 መንገድ። ሸራውን አልብሰን፣ ማሰሪያዎቹን ጀልባዋ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር አስረን ለቀቅናት። አውራ ጎዳናው ላይ ፍጥነት ስንጨምር ከኋላ የሚርገበገብ ነገር ድምፅ መጣ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ጓደኛዬ «ነፋስ ነው፣ ተወው» አለ። እኔም ተውኩት። ስንደርስ ከኋላ በኩል አንድ ክንድ ያህል ተቀዷል። ከቀዳዳው ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ጎኗ ነው። የማሰሪያዎቹ ፕላስቲክ ዘለበቶች መቶ ማይል ሙሉ እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደበድቡ፣ ቀለሙን ልጠው ብረቱን አውጥተውታል። የሳንቲም ስፋት ያላቸው አራት ጠባሳዎች። ዛሬም አሉ።

ያን ቀን ነው ሸራ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ያወቅኩት። አንዱ ጀልባ ቆማ ሳለች የሚሸፍን ነው። ሌላው እየተጎተተች የሚለበስ ነው። የኛ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ ማሸጊያው ላይ በትንሹ ተጽፎ አላነበብነውም። መንገድ ላይ የሚለበሰው ማሰሪያው ብዙ ነው፣ ጠርዙ ውስጥ ገመድ ወይም ጠንካራ ላስቲክ አለው፣ ከጀልባዋ ልክ ጋር የሚጠጋጋ ነው። እሱንም ቢሆን ጀልባዋ ላይ ሳይሆን ትሬለሩ ላይ ነው ማሰር። ወደ ታች ሲሳብ ይጠነክራል፣ ነፋስ አይገባበትም። ዘለበቱ የጀልባዋን ጎን እንዳይነካ ዝቅ ብሎ ይዋል፤ ካልሆነም አሮጌ ካልሲ አጥልቁበት። ልክ አሥር ደቂቃ ያህል ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና ተዟዟሩ፤ ያልጠበቀ ማሰሪያ ራሱን የሚያሳየው ያኔ ነው። ሸራ ሲርገበገብ ከሰማችሁ ደግሞ «ተወው» አይባልም፤ ወዲያው ጥግ ያዙ።

ስለ ልክ ደግሞ ይሄን ያዙ። ሜትሩን ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ኋላዋ ጫፍ በአየር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ የጀልባዋን ጉብታ እየተከተላችሁ አትለኩ። ወርዷን በጣም ሰፊ በሆነችበት ቦታ ለኩ። ከአካሏ ውጪ የሚወጣ ነገር ካለ፣ ሞተር፣ መሰላል፣ የዓሣ ዘንግ መያዣ፣ ለየብቻ ጻፉት። ከአራት ጎን ፎቶ አንሱ። ሻጩ «የትኛው ዓመት፣ የትኛው ሞዴል» ብሎ ካልጠየቃችሁ ልካችሁን አያውቅም ማለት ነው።

ሦስተኛው ሸራ ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ አወቅኩ ብዬ ነበር። በ2019 «ጠብታ ውሃ አያስገባም» የሚባል ወፍራም ፕላስቲክ የተቀባ ሸራ በ240 ዶላር ገዛሁ። ልኩ ልክ ነበር። ማሰሪያው ደህና ነበር። ከላይ ውሃ ብታፈሱበት እንደ ጎመን ቅጠል ያንከባልለዋል። በቃ ተገላገልኩ አልኩ።

ሴፕቴምበር ላይ አንድ ቅዳሜ ዝናብ ላይ ዓሣ አጥምደን ተመለስን። እኛም እርጥብ፣ ጀልባዋም እርጥብ። መሽቶ ነበር፣ ደክሞናል። ምንጣፉ ሲረገጥ ጭቅ ጭቅ ይል ነበር። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ወንበር ሥር ከተትናቸው። ያን የማያስገባ ሸራ ከላይ አልብሰን ዙሪያውን ጥርቅም አድርገን አሰርን። ከዚያ ሥራ በዛ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሸራውን ከጥግ ገለጥ ሳደርገው የወጣው ሽታ ወደ ኋላ ገፋኝ። ያልደረቀ ጨርቅ ለወራት ተቆልፎበት የከረመ ሳጥን ስትከፍቱ የሚመጣውን ዓይነት ነው። ነጫጭ የነበሩት ወንበሮች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተዘርቷል፣ ልክ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስል። የልጄ ትንሿ ብርቱካናማ ጃኬት አንገቷ ዙሪያ አረንጓዴ ጸጉር አብቅላለች። የሸራው የውስጥ ገጽ ላይ ውሃ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከላይ የገባ ውሃ አይደለም። ከምንጣፉ ተነስቶ፣ ወጥቶ መሄጃ አጥቶ፣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ የሚዘንብ ውሃ ነው።

ያን ዕለት ማታ ባሕር ዳር አባቴ ጋ ደወልኩ። የደወልኩት ለሌላ ጉዳይ ነው፣ ወሬ ሲመጣ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ጀልባዋ ሻገተችብኝ።»

«ሳትደርቅ ነው የሸፈንካት?»

«ዝናብ ስለነበር ቶሎ ሸፈንኳት።»

«ልጄ፣ ታንኳን እርጥቡን መሬት ላይ አስተኝቶ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሁሉም የሚያቆማት ለምን ይመስልሃል? ውሃዋ ወርዶ ነፋስ እንዲያገኛት ነው። ካልሆነ ደንገሉ በስብሶ ያልቃል።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ከሁለት ዓመት በላይ ስለ ሸራ ሳስብ የነበረው ውሃ እንዴት እንዳይገባ ብቻ ነው። ውስጥ ያለው እንዴት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥሩ ሸራ ሁለት ሥራ አለው። ከላይ የሚመጣውን ያወርዳል፣ ከታች የሚነሳውን ያስወጣል። ሁለተኛውን የማይሠራ ሸራ ምንም ያህል ቢወፍር ጀልባ ያበሰብሳል።

ሻጋታውን ለማጽዳት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። የገጠማችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ሁሉንም አውጥታችሁ ፀሐይና ነፋስ አስመቱት። ወንበሩን በነጭ ኮምጣጤና ውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽ። ኮምጣጤንና በረኪናን ግን በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ጃኬቶቹን በለዘብተኛ ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ ስቀሉ፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ እንዳይገቡ። ጨርቁ የሳሳ ወይም የተበላ ጃኬት ካለ ጣሉት፤ የሰው ሕይወት የሚይዝ ነገር ነው፣ በተለይ የልጅ ከሆነ። የሁለቱ ወንበሮች ስፖንጅ አልዳነም። 480 ዶላር አወጣን።

እስካሁን የወጣውን ደምሩት። ሦስቱ ሸራ 410፣ መስታወቱ 620፣ ወንበሮቹ 480። 1,510 ዶላር።

በ2020 ፀደይ ላይ የጀልባ ሸራ ወደምትሰፋ አንዲት ሴት ሄድን። በዕድሜ ገፋ ያለች፣ እጇ ላይ የመርፌ ምልክት የሞላ ባለሙያ ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨርቅ እያወጣች አስረዳችን። ከእሷ የተማርኩት ለእናንተም ይጠቅማል።

ማስታወቂያው ላይ «600 ዲኒየር»፣ «1,200 ዲኒየር» የሚል ታገኛላችሁ። ይሄ የክሩን ውፍረት ነው የሚናገረው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ግን ቁጥሩ ብቻውን ጥሩ ሸራ አያደርግም። ከምን ተሠራ የሚለው ይበልጣል። ፖሊስተር ጠንካራ ነው፣ መታሸትን ይችላል፣ ለመንገድ ይሆናል። ፀሐይ ግን ቀስ በቀስ ታዳክመዋለች። አክሪሊክ፣ ሰዎች ሰንብሬላ እያሉ የሚጠሩት ዓይነት፣ ፀሐይን በጣም ይችላል፣ ይተነፍሳልም። ሹል ነገር ላይ ሲታሽ ግን ቶሎ ይበላል። ፕላስቲክ የተቀባው ውሃን ያቆማል፣ አየርንም አብሮ ያቆማል።

ቀለሙን ደግሞ እንዴት እንደገባበት ጠይቁ። አንዳንዱ ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ ነው የሚነከረው፣ ቀለሙ ከላይ ብቻ ነው። ሌላው ክሩ ሳይፈተል በፊት ቀለሙ የተቀላቀለበት ነው። እንደ ቀይ ሥር፣ ብትቆርጡት እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ይሄኛው ለረጅም ጊዜ አይገረጣም።

እኛ ብዙ ስለምንጎትታት ቀለሙ እስከ ውስጡ የሆነ ፖሊስተር መረጥን። ጀልባችሁ አንድ ቦታ የምትውል ከሆነ ግን አክሪሊኩን ነው የምመክራችሁ። ሰፊዋ የመስታወቱ ጥጎች የሚነኩበት ቦታ ላይ ድርብ ጨርቅ አደረገችበት። ከላይ ሁለት የአየር መውጫ ሰፋችበት፣ ዝናብ እንዳይገባባቸው ኮፍያ ያላቸው። ክሩን ሳትጠይቁ አትውጡ አለችን፤ ጨርቁ ደህና ሆኖ ስፌቱ የሚፈታ ሸራ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ክሩን ነው። 900 ዶላር ከፈልናት። በዚያ በመጀመሪያው በጋ ሰጥተናት ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ቤት ድረስ አሰብኩ።

ሸራው ከመጣ በኋላም አጠቃቀሙን መማር ነበረብን። መጀመሪያ አፍንጫዋን አልብሱ፣ የመሃሉን ስፌት ከጀልባዋ መሃል ጋር አስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ። ሹል ነገሮች ላይ፣ የመስታወቱ ጥግ፣ የገመድ ማሰሪያ ብረቶች፣ የመሪው ጫፍ፣ የተቆረጠ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ፎጣ እሰሩ። ሸራውን ከሥር የሚደግፉትን ምሰሶዎች አቁሙ። ከዚያ የጓሮ ቱቦ አምጥታችሁ ውሃ ልቀቁበት። ቆማችሁ ተመልከቱ። ውሃው የሚቆምበት ቦታ ካለ እዚያ ሥር አንድ ምሰሶ ይጨመር። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ የእኛን መስታወት ግን ያድን ነበር።

ለክረምት ምሰሶ ብቻ አይበቃም። ይሄን ያሳየን ጡረታ የወጣ ጎረቤታችን ነው። አንድ ቅዳሜ መጋዝ ይዞ መጣና ከአፍንጫ እስከ ኋላ አንድ ረጅም እንጨት ከፍ አድርገን እንድናቆም፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እየተንሸራተቱ የሚወርዱ ቀጫጭን እንጨቶች እንድንደግፍበት አደረገን። የጎጆ ቤት ጣሪያ በሉት። እንጨቱ ሸራውን የሚነካበት ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በረዶው አሁን አይቀመጥም፣ በጎን ይንሸራተታል። የቀረውን በለስላሳ መጥረጊያ አወርደዋለሁ። አካፋ አትንኩ። ግግር በረዶ ከያዘም አትደብድቡት፤ በብርድ የደረቀ ሸራ ይሰነጠቃል። ራሱ እስኪለቅ ተዉት።

በሙቀት ተኮማትሮ ጀልባዋ ላይ የሚጣበቀውን ነጭ ፕላስቲክ የሚያሠሩ ብዙ ናቸው። ለበረዶ ጥሩ ነው፣ ውጥር ይላል። ግን አንድ ክረምት አገልግሎ ይጣላል፣ በየዓመቱ ትከፍላላችሁ። በመሃል ገልጣችሁ ውስጡን ማየትም አትችሉም። ካሠራችሁ የአየር መውጫ እንዲገጠምበት አጥብቃችሁ ጠይቁ። በእሳት የሚሠራ ስለሆነም ነዳጅ ያለበት ጀልባ ላይ እራሳችሁ አትሞክሩት።

አይጥን ረስቼ ነበር። የተሸፈነ ጀልባ ለአይጥ ሙቅ ቤት ነው። የብስኩት ፍርፋሪ፣ የዓሣ ምግብ፣ ምንም አትተዉ። ጃኬትና ትራስ ቤት ይግባ። የሽቦ መግቢያ ቀዳዳዎችን የድስት ማጠቢያ ብረት ጠቅጥቁባቸው።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም ይበልጣል። ሸራ ለብሳ ሳለች ሞተር አታስነሱ፣ ማሞቂያም አታብሩ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ሸፍናችሁ ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ። በፀደይ ስትገልጧትም ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ሸራውን ሙሉ በሙሉ አንሱና ነፋስ ይግባባት። ነዳጅ አፍስሶ ከሆነ ትነቱ ወለሉ ሥር ታምቆ ይጠብቃል። ልጆች ደግሞ ሸራ ሥር ገብተው መደበቅ ይወዳሉ። የኔም ልጅ አድርጋዋለች። ተቆጥቼ ሳይሆን አስቀምጬ ምክንያቱን ነገርኳት።

አገር ቤት ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ጀልባ ያላቸው ሁለት ዘመዶች በስልክ ጠይቀውኛል። እዚያ በረዶ የለም፣ ግን ፀሐዩ ሌላ ነው። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ከፍታ ላይ ፀሐይ ጨርቅና ቀለም በፍጥነት ትጨርሳለች። የጭነት መኪና የጥጥ ሸራ የምትጠቀሙ ከሆነ ይተነፍሳል፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን እርጥቡን ከታጠፈ ይበሰብሳል። ክረምት ላይ ዝናቡ ባቆመ ቁጥር በጎን በኩል ገለጥ አድርጋችሁ ነፋስ አስገቡ።

ይሄው ሸራ እስካሁን አለን። በዓመት ሁለት ጊዜ እናጥበዋለን፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ለዘብ ባለ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ። ሙቅ ውሃና ማድረቂያ ማሽን ጨርቁ ላይ ያለውን ውሃ የሚያንከባልል ቅባት ያወጡታል። ውሃ ማንከባለሉን ትቶ መምጠጥ ሲጀምር ደግሞ የሚረጭ መከላከያ እንቀባዋለን። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አናጥፈውም። ዓሣ አጥምደን እርጥብ ከተመለስን ጀልባዋን ጋራዥ በር ላይ አቁመን፣ ቡሿን ነቅለን፣ ምንጣፉ ላይ ማራገቢያ ለቀን እናድራለን። የምንሸፍናት በማግስቱ ነው። መዳፌን ምንጣፉ ላይ እጭናለሁ፤ ቀዝቀዝ ካለኝ ገና ነው።

ባለፈው ሜይ የዓሣው ወቅት ሲከፈት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስተን ገለጥናት። ልጄ የእጅ ባትሪ ይዛ ነበር። ዘላ ገባችና ወንበሩን በእጇ ዳበሰችው፣ ከዚያ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። «ምንም አይሸትም» አለችኝ።

ዛሬ ጥቅምት ገብቷል። ሸራው ታጥቦ ጓሮ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ከግራው የመስታወት ጥግ አካባቢ ሦስት ጣት የሚያህል ስፌት መላላቱን አይቻለሁ። ነገ ወደ ሰፊዋ እወስደዋለሁ፤ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር እንጨቶቹን እናቆማለን።